የማይሸት ሽጉጥ

ሰውየው የገዛ ስሙን ከሰማ ቆይቷል። በመሣሪያ ማደራጃው ግቢ ከሻምበሉ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ የሚያውቁት «ጋሽ አፍንጫ» በሚለው ነው። እንዲህ ሲባል ፊት የሞላ አፍንጫ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ጎራዳ ቢጤ፣ ለዓይን የማትገባ አፍንጫ ናት። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዘይት ፋብሪካ በርሜል እየከፈተች «ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ ተበላሽቷል» ስትል የኖረች አፍንጫ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ለአፍንጫዋ ግን ሌላ ሥራ ተገኘላት።

ጠላት ከከተማው ማዶ ባለው ኮረብታ ሥር ከመሸገ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ ከሰል ሲወጣበት የነበረውን ጉድጓድ እያስረዘመና እያጣመመ ማለቂያ የሌለው ዋሻ አድርጎታል። አንዳንዱ ቦታ ሰው ይድሃል፣ አንዳንዱ ቦታ በሆዱ ይሳባል። እዚያ ውስጥ ረጅም ጠመንጃ ይዞ መግባት ራስን ማሰር ነው። ስለዚህ ለዋሻ ወታደሮች የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ ለብቻው ነው። አፈሙዙ ላይ ወፍራም የድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት አጭር ሽጉጥ አላቸው። ጥይቱም ባሩዱ የተቀነሰ ነው፣ ሙሉው ጥይት በዚያ ጠባብ ድንጋይ ውስጥ ቢተኮስ ተኳሹን ራሱን ያደነቁረዋልና። ቀይ መስታወት ያለው ባትሪ፣ ወጥመድ የሚፈትሹበት ቀጭን ዘንግ፣ ለጉልበትና ለክርን የሚታሰር ቆዳ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ገመድ አለ። አዲስ ገቢዎች ገመዱ ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ነባሮቹ ግን ወሬ ይቀይራሉ። የሞተ ሰው ከዚያ የሚወጣው በእግሩ ተጎትቶ ነው።

ታዲያ በዚያ ጨለማ ዓይን ሥራ ፈት ነው። የሚቀረው ጆሮና አፍንጫ ነው። ከምድር በታች ወራት የከረመ ሰው የሳሙና ሽታ፣ የጠመንጃ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ትንፋሽ ከሃያ እርምጃ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ሽታው መተኮስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዋሻ ወታደሮች ከመግባታቸው አሥር ቀን ቀድመው ሳሙና የማይነኩት። ሚስቶቻቸው «ባል ነው የሰጣችሁን ወይስ ፍየል?» እያሉ ሲያማርሩ አንዳንዱ ሰው ይስቃል። መሣሪያውም ዘይቱ በሙቅ ውሃ ተጠርጎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዋሻው አፍ በመጣ አፈር በተሞላ ሣጥን ውስጥ ሰባት ቀን ይቀበራል። በስምንተኛው ቀን ወጥቶ ጋሽ አፍንጫ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።

ግቢው ከጦርነቱ በፊት የአውቶቡስ ጋራዥ ነበር። ጋሽ አፍንጫ የሚቀመጠው በድሮዋ የትኬት መሸጫ ክፍል ነው። ክፍሏ ከሌላው ቤት ሁሉ ራቅ ያለች፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ናት። ድሮ በመስኮቷ ትኬት ይሰጥ ነበር፣ አሁን ሽጉጥ ይሰጥባታል። እያንዳንዱን ዕቃ አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ትንፋሽ ይስባል። ከወደደው እጀታው ላይ ግራጫ ክር ይቋጥርበታል። ያለዚያ ክር ዕቃ የሚነካ ወታደር የለም። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ቀበቶ «ይሄን የጠቀለለው ሰው ብርቱካን በልቷል» ብሎ መልሶ፣ ጠቅላዩ ተጠርቶ ሲጠየቅ እውነትም በልቶ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ በግቢው ውስጥ በአምላክ ከመማል በጋሽ አፍንጫ ክር መማል ይታመናል።

በዚህ ሙያው «መተኪያ የሌለው ባለሙያ» የሚል ወረቀት ተሰጥቶታል። የእንዲህ ያለ ሠራተኛ አንድ ልጅ ከምልመላ ነፃ ነው። ጋሽ አፍንጫ ደግሞ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ። እናቱ አሁንም ማሙሽ ትለዋለች። አጭር ነው። አንዱ መልማይ መንገድ ላይ አስቁሞ ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ «ይሄ ቁመት እኮ ለዋሻ በልክ የተሰፋ ነው» ብሎት ነበር። ወረቀቱን አይቶ እያዘነ ለቀቀው።

ነገሩ የመጣው በጉንፋን ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት ይዞት ተኛ፣ በአራተኛው ተነሣ፣ ሥራ ገባ። ዕቃው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ አገኘው። ጎበዞች፣ ተሻሻሉ ብሎ በልቡ አመሰገናቸው። በሁለተኛው ቀን ቤቱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ወንበር ሲጠግን ሚስቱ ከጎረቤት ሮጣ ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ቤቱ ሲቃጠል ቁጭ ብለህ ታያለህ?»

ቀና ሲል ድስቱ አርሮ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። ጭሱን ያየው በዓይኑ ነው። ሁለቱም ተያዩ። ሚስቱ ሽንኩርት ከፍላ አፍንጫው ሥር አደረገችለት፣ ቀጥላ ኮምጣጤ፣ ቀጥላ የላምባውን ጠርሙስ።

«ይሄስ?»

«ውሃ ነው።»

ሴትየዋ ጠርሙሱን አስቀመጠችና መሬት ተቀመጠች።

«ይመለስ ይሆናል» አላት። «ጉንፋን ነው፣ ይመለሳል። እስኪመለስ ግን ለሻምበሉ መንገር አለብኝ።»

«ከዚያስ? ወረቀቱን ይቀሙህና ማሙሽን ይወስዱታል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው።»

«የሰዉ ልጆችስ?»

«የሰዉን ልጆች ሰዉ ይጠብቅ! ዝም አይነቅዝም፣ አፈር ስሆን ዝም በል። ሳምንት ብቻ። ይመለስ ይሆናል አላልክም?»

ዝም አለ። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላው ተተካ። አፍንጫዋ አልተመለሰችም። ሐኪም ጋ እንዳይሄድ፣ ያለው ክሊኒክ የሠራዊቱ ነው። ልጁም ምንም አያውቅም።

ሰው ከተገደደ የማይሆነው የለም። ጋሽ አፍንጫ ዕቃውን በነጭ ወረቀት እየተጫነ የዘይት ነጥብ መፈለግ ጀመረ። በጣቱ ይዳስሳል፣ እርጥበቱን በጉንጩ ይለካል፣ ከዚያ ለወጉ ዓይኑን ጨፍኖ አየር ይስባል። እንዳይጠረጠር ደግሞ ከአሥሩ አንዱን «ይሄ ይቀረዋል፣ ይቀበር» እያለ ይመልሳል። ቀስ ማለቱን ያየው ሻምበል «እርስዎስ እየባሰብዎት ሄደ፣ እንዲህ ነው ሥራ» ብሎ አደነቀው። ጋሽ አፍንጫ ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ተመለሰ።

የዋሻ ወታደሮቹ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በመስኮቷ የሚያጫውተው አንድ ወታደር ነበር፤ አጭሬ ይሉታል። ከወገብ በላይ ሰፊ፣ ከወገብ በታች የተረሳ ሰው ነው። ሁልጊዜ አብሮት የሚመጣው ጓደኛው ከውትድርና በፊት ሒሳብ ያስተምር ስለነበር «መምህሩ» ይባላል። ከፊት የሚሄደው መምህሩ ነው፣ ገመዱን ይዞ ከኋላው የሚሳበው አጭሬ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሲያንኮራፋ ጠላት ይሰማል፤ ለማንኮራፊያውም ማፈኛ አይሠራለትም?» ይላል አጭሬ።

«ለአንተ አፍም አብረው ይሥሩ» ይላል መምህሩ።

ጋሽ አፍንጫ ድሮ አብሯቸው ይስቅ ነበር። አሁን ፊታቸውን ላለማየት ጎንበስ ብሎ ክር ይፈልጋል።

ትኩሳቱ በያዘው በአምስተኛው ሳምንት መሣሪያ ጠጋኙ የሽጉጥ እጀታዎች ላይ አዲስ ቆዳ ለጠፈ። የለመደው ማስቲሽ አልቆበታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብሎ ከገበያ ሌላ ማስቲሽ አስመጣና ለጠፈበት። ለማንም አልተናገረም። ጋሽ አፍንጫ እያለ ምን ያስጨንቀዋል? ከሸተተ ይመልሰዋል፣ ካልሸተተ ያልፋል። በሙሉ ልቡ ያደረገው ነው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ሁሉም እንዲሁ ነበር የሚያስበው።

ስድስቱ ሽጉጦች ሰባት ቀን ተቀብረው ወጡ። ጋሽ አፍንጫ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው ሳለ የጉልበት ቆዳ የምትሰፋው ሴት እጇን ሞልታ ገባች። ገና ከበሩ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቤቱ የሙዝ ከረሜላ ይሸታል እኮ!»

 ፊቱን አላዞረም።

«ከኪስሽ ነው። ከልጆችሽ ጋር ከረሜላ ስትሻሚ አድረሽ እዚህ ትመጫለሽ።»

ሴትየዋ አፈረች። እውነትም ከልጆቿ ከረሜላ የምትሻማ ዓይነት እናት ናት። «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት እኔ ነኝ!» አለችና እጇን ልትታጠብ ወጣች።

እሱ ከስድስቱ ሽጉጦች ጋር ቀረ። አንዱን አንስቶ ሳበ፣ ምንም የለም። ሁለተኛውን ሳበ፣ ምንም። «ነይ እስቲ፣ አንቺም አሽቺው» ለማለት መስኮቷን መክፈት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም፤ ጋሽ አፍንጫ የሰው አፍንጫ ለመነ ከተባለ ነገሩ ባንድ ቀን ሻምበሉ ጆሮ ይደርሳል። ማሙሽን አሰበ፤ ሬዲዮ ፈትቶ ብሎን በከንፈሩ ይዞ የሚያንጎራጉረውን። ከዚያ ክሩን አነሣና ስድስቱንም ቋጠረ። ስድስተኛውን ፈትቶ እንደገና ነው የቋጠረው።

መምህሩ የሞተው በሦስተኛው ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ፣ ጠጋኙ፣ ሰፊዋና አጭሬ በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። አጭሬ ጉልበቱ ላይ አሁንም የዋሻው ጭቃ አለበት። በጨርቅ የያዘውን የመምህሩን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ግራጫው ክር ከእጀታው አልተፈታም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለ ሻምበሉ። «እንደነገርከኝ ንገራቸው።»

አጭሬ የተናገረው ጋሽ አፍንጫን ብቻ እያየ ነው።

«ዋሻው አፍ ላይ ሆነን መምህሩ ሽጉጡን ከጨርቁ አውጥቶ ‹ምንድነው ሙዝ ሙዝ የሚለው?› አለኝ። እኔም ሸቶኛል ጋሼ፣ አልዋሽም። ግን ክሩን አየሁት። ‹ቋጠሮውን አታይም እንዴ? ከጋሽ አፍንጫ ልትበልጥ ነው?› አልኩት። ሳቀና ገባ።»  «ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ከፊታችን አንድ ሰው አየር ሲስብ ሰማሁ። እንዲህ፣ እርስዎ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ተኮሰ። የመታው እጁን ነው፣ ሽጉጡን የያዘበትን፤ ቀጥሎ ደረቱን። ጎትቼ ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ይሸታል ወይስ አይሸትም? የገደልኩት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ሁሉም ጋሽ አፍንጫን አዩት። እሱ ሽጉጡን አነሣ። እጀታው ላይ የደረቀ ደም አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ወትሮው ረጅም አየር ሳበ። ምን እንደሚል ገና አላወቀም ነበር። አፉ ግን ቀድሞት ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በላይ የተለማመደው አንድ ቃል ነው።

«አይሸትም» አለ።

አጭሬ ዓይኑን ጨፈነ።

ሻምበሉ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና አየር ሳብ ሳብ አደረገ። «እኔ ግን የሆነ ሙዝ ነገር... አይ፣ ወሬውን ስለሰማሁ መሆን አለበት» አለ። «እንዲያ ነው፣ ወሬ ያሸታል» አለ ጠጋኙ ከአፉ ነጥቆ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። አውርዳ አንድ ጊዜ ሳበች፣ ጋሽ አፍንጫን አየችው፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፣ «ከረሜላ የሚያምረኝ ሰው።»

ጤነኛ አፍንጫ ያላቸው አራት ሰዎች አንዱን የሞተ አፍንጫ አምነው የየራሳቸውን ካዱ። ዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ሞኝነት አለ፣ እንደዚህ ያለውን ግን የሚሠራው እምነት ብቻ ነው።

«እንግዲያው ዕድል ነው» አለ ሻምበሉ። «ክር ታስሮላቸው የሚጠብቁት ሌሎቹ አሥራ አራት ሽጉጦች ከሰዓት በኋላ ይታደላሉ። ነገ ሁለት ቡድን ይገባል።»

አጭሬ የመምህሩን ሽጉጥ ከጠረጴዛው አነሣ። በእጅጌው ደሙን ጠረገ። «እንግዲህ የዋሸኝ የራሴ አፍንጫ ነው» አለ፤ ድምፁ የቀለለው ሰው ድምፅ ነበር። «ነገ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ይሄንን ነው የምይዘው።» ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠው፣ ጋሽ አፍንጫንም እጅ ነሣው።

ጋሽ አፍንጫ እጅ መነሣቱን አልቻለም። ስድብ ቢሆን ይችል ነበር።

«ቁጭ አድርገው» አለ። «አውጣና ቁጭ አድርገው ልጄ። እኔ ምንም አይሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ አልሸተተኝም፣ ወር አልፎታል። ሽንኩርትም አይሸተኝም፣ ላምባም አይሸተኝም። አፍንጫዬ ሞቷል። አንተም አልገደልከውም፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

 አጭሬ ሽጉጡን አውጥቶ አስቀመጠው። ጋሽ አፍንጫ ይመታኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ አልመታውም። አጭሬ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ወጣ። ሰፊዋ ታለቅስ ነበር።

«አንተ» አለ ሻምበሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ብሎት እንጂ አንተ ብሎት አያውቅም። «ለምን?»

«ልጅ አለኝ።»

«መምህሩም ነበረው» አለ ሻምበሉ። አሥራ አራቱን ሽጉጦች አስመልሶ፣ ሰፊዋን በእሱ ወንበር አስቀምጦ፣ እሱን ለፍርድ እስኪጠራ ቤቱ እንዲቀመጥ ላከው። ወረቀቱን እዚያው ተቀበለው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ታሰጣ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሲመጣ ስታየው እጇ ላይ ያለው እርጥብ ልብስ ወደቀ።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

ልጁ ሬዲዮውን ትቶ ከውስጥ ወጣ። ሁሉንም ነገር በረንዳው ላይ ቆሞ ከአባቱ አፍ ሰማ። ብሎኑን ከከንፈሩ አውጥቶ በመዳፉ ጨበጠው።

«ከታመምክ ወዲህ ስንት ሽጉጥ አሳለፍክ?» አለው።

«ስልሳ ሦስት።»

«ከመምህሩ ሌላስ የሞተ አለ?»

«ከዋሻ ያልተመለሱ አሉ። በዚህ ይሁን በሌላ አይታወቅም። መቼም አይታወቅም።»

«እኔ ይሄን ጊዜ ሁሉ ሬዲዮ እጠግን ነበር» አለ ልጁ። 

መልማዮቹ በአራተኛው ቀን መጡ። በር ላይ ቁመቱን ለኩት፤ የት እንደሚመደብ ለመንገር መዝገብ መግለጥ አላስፈለጋቸውም። እናቱ መኪናው ድረስ እጁን ይዛ ሄደች። የመኪናው በር ላይ አዲስ ገቢዎቹን ሊረከብ የቆመው አጭሬ ነበር። ጋሽ አፍንጫ ምን እንደሚለው ሳያውቅ ወደ እሱ ተጠጋ።

«ልጅዎን ከኋላዬ ነው የማደርገው» አለ አጭሬ ቀድሞት። «ገመዱን እሱ ይይዛል፤ ከፊት እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቱን አዞረ። «ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት። መምህሩም ለእኔ እንዲሁ ያደርግ ነበር።»

መኪናው ሄደ። ባልና ሚስት ቤታቸው ተመለሱ። ሚስትየዋ በሩን ዘጋችና ዞረችበት።

«አፍንጫህ ሲሞት ምነው ምላስህም አብሮ በሞተ!» አለችው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።  መናገሩን ከአጭሬ ሕይወት ጋር ደጋግሞ መዝኖታል፣ ትክክል እንደሠራ ያውቃል፤ ቢሆንም በውስጡ የሆነ ቦታ እሱም እንደሷ ይመኝ ነበር፣ ያ ነው ያስፈራው።

የልጃቸው ሸሚዝ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሬዲዮ ሲጠግን የሚለብሰው ነው። አውርዳ ፊቷን ቀበረችበት። ትከሻዋ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሲደክማት ቀና አለችና ሸሚዙን ወደ ባሏ ዘረጋችው። የአፍንጫውን ነገር ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት፣ ኮምጣጤና ላምባ የያዘችለት እሷ ናት፤ ግን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ሸሚዙን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ያደርግ እንደነበረው ረጅም አየር ሳበ።

«አለ አይደል?» አለችው።

«አለ» አላት።